የደበርጃኑ በሬ

ኢምፔሪያል ከሚኒባስ ወርጄ ወደ ገርጂ ሳዘግም፣ አትክልት ሻጯ ከቲማቲሙ ጎን የምትደረድረው ደበርጃን ነሐሴ በገባ ቁጥር እግሬን ይይዘዋል። ትናንትም አንገቱ ቆልመም ያለውን ስመርጥ፣ «እሱ ጠማማ ነው እኮ የኔ እናት፣ ደህናውን ላንሣልሽ» አለችኝ። በሬ የሚወጣው ከጠማማው መሆኑን እንዴት ብዬ ላስረዳት!

ልጅ ሳለሁ፣ ገርጂ ገና ጭቃው ቦቲ ጫማ በሚቀማበት ዘመን፣ አጥር የምንጋራቸው እትዬ ሃሩኮ የሚባሉ ጃፓናዊት ነበሩ። ባላቸው መንገድ ሊሠሩ የመጡ መሐንዲስ ናቸው፤ እሳቸው ግን ለጉርብትና ብቻ የመጡ ይመስል ለቅሶ ይደርሳሉ፣ አራስ ይጠይቃሉ። የእኛ ክረምት የአገራቸው በጋ ነውና፣ ነሐሴ ላይ ኦቦን የሚሉትን በዓል ያከብራሉ፤ ሙታን ለጥቂት ቀን ቤታቸውን ሊጠይቁ የሚመጡበት ነው። መንገዱ እንዳይጠፋባቸው ደጃፍ ላይ ትንሽ እሳት ይነዳል። እትዬ ሃሩኮ ጃንጥላቸውን ለእሳቱ ዘርግተው ራሳቸው በዝናብ ይበሰብሱ ነበር። የሰፈሩ ወንዶች ልጆች እሳቱን ሲያዩ ቡሄ የደረሰ መስሏቸው፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ እየጨፈሩ ይመጡባቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ለሟቾቻቸው የተጨፈረ መስሏቸው ጎንበስ ብለው እጅ እየነሡ ብርቱካን ያድላሉ። ልጆቹ ይህን ስህተት ለማረም አንድ ዓመት እንኳ አልሞከሩም።

አባቴ የሞተው ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው። እናቴ አጥባቂ ጴንጤ ነበረችና፣ ወደ ጌታ ለሄደ አይለቀስም ብላ በቀብሩ ዕለት እጇን ዘርግታ ስትዘምር ዋለች። ከዚያ ወዲያ ስሙ ቤታችን ውስጥ አልተነሣም፤ ኮቱም ከመስቀያው ወረደ፤ እኔም ናፈቀኝ ማለት ፈራሁ። በዚያ ክረምት እትዬ ሃሩኮ በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው አንድ ኪያርና አንድ ደበርጃን አስያዙኝ። በክብሪት እንጨት እግር ይሰካላቸዋል። ኪያሩ ፈረስ ነው፤ ሟቹ ቤቱ ናፍቆታልና እየጋለበ ይመጣበታል። ደበርጃኑ መመለሻው በሬ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ዞር እያለ ቤቱን እያየ እንዲሄድ። የአባቴ በሬ አንድ እግሩ አጥሮ ያነክስ ነበር። ደስ አለኝ፤ የሚያነክስ በሬ የበለጠ ይዘገያል።

በመሸኛው ምሽት በሬውን ከእሳቱ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርገን አቆምነው። ይሄኔ እናቴ ልትፈልገኝ መጣች። «ምንድን ነው ይሄ?» አለች፤ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ሙታን እንደማይመለሱ የሚናገረውን ጥቅስ ከነምዕራፉ ስለምታውቀው ቁጣዋን ጠበቅሁ። እትዬ ሃሩኮም ሳይፈሩ አልቀሩም፣ ጃንጥላውን ከእሳቱ አንሥተው ለእሷ ዘረጉላት። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ቁጢጥ አለች፤ በሬውን በሁለት ጣቷ አነሣችና ፊቱን ወደ ቤታችን አዙራ አስቀመጠችው። ከዚያ የአባቴን ስም እየጠራች አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት።

እትዬ ሃሩኮ የባላቸው ሥራ ሲያልቅ አገራቸው ገቡ። ሁለቱም ቤቶች ፈርሰው ፎቅ ተሠርቶባቸዋል፤ እሳቱ የሚነድበት ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። እናቴንም ባለፈው ጥር ቀበርናት፤ እንደ ኑዛዜዋ ዘመርን እንጂ አላለቀስንም። እንዴት እንደናፈቀችኝ!

ኮንዶሚኒየም ውስጥ እሳት ማንደድ አይቻልም። ትናንት ማታ ግን ጠማማው ደበርጃን ላይ እግር ሰክቼ አራተኛ ፎቅ ደጃፌ ላይ አቆምኩት፤ ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጌ።