ሽብሬ ያላቃጠለችው ልብስ

ሽብሬ ከመቱ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሎኮ ጋባ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በጤና ጣቢያው ልብስ አጣቢነት ሃያ ሦስት ዓመት ሠርታለች። አባቷ ከመንዝ ለንግድ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። እሷ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከጡት ጋር የጠባች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር፣ ከማንም ጋር የማትጋጭ ሴት ነች። ፈሪ መሆኗን ራሷም አትደብቅም። ሰው ሲጣላ ካየች መንገድ ትቀይራለች። «ለፈሪ ሜዳ አይነሱትም» እያለች በራሷ ትቀልዳለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኅዳር ላይ፣ የቡና ለቀማ በተጧጧፈበት ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከጫካው ቡና በኩል ተኩስ ተሰማ። ብዙ አልቆየም። ሱቆች ወዲያው ተዘጉ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ አንድ አይሱዙ ሸራ የተጣለበት ጭነት ይዞ ጤና ጣቢያው ግቢ ገባ። አሥራ አንድ ሬሳ ነበር። ለግንዘት ሲባል ልብሳቸው ወልቆ ማጠቢያ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተከመረ።

በማግሥቱ ጠዋት የግቢው ዘበኛ ሬዲዮ ዜናውን ተናገረ፤ አሥራ አንድ የታጠቁ ሽፍቶች በተኩስ ልውውጥ ተደመሰሱ። ዘበኛው ድምፁን ቀነሰና ወደ መሬት አየ። 

የጤና ጣቢያው አስተዳዳሪ አቶ ሰይፈ ሚካኤል ማጠቢያ ክፍል ድረስ መጡ። ሌላ ጊዜ እዚያ ዝር ብለው አያውቁም።

«እትዬ ሽብሬ፣ ያ ልብስ አይታጠብም። ዛሬውኑ ጉድጓድ ውስጥ ይቃጠል።»

«ቤተሰብ ቢጠይቅስ?»

«ማንም አይጠይቅም» አሉ። ይህን ብለው ፈጠን ብለው ወጡ።

ሽብሬ ልብስ ከማጠቧም ሆነ ከማቃጠሏ በፊት ኪስ መፈተሽ ልማዷ ነው። ከመጀመሪያው ሱሪ ኪስ አንድ እፍኝ ቀይ ቡና ወጣ። ከሁለተኛው ቆሎ። አንዱ ሸሚዝ ወገቡ ላይ የመልቀሚያ ከረጢት እንደታሰረበት ነበር። ከዚያ ቀዳዳዎቹን አየች። ስንት ዓመት የቁስለኛ ልብስ ስታጥብ ጥይት የገባበትና የወጣበት ምን እንደሚመስል ለይታ ታውቃለች። የገባበት ጠባብ ነው፤ የወጣበት ተቀዳዶ ይሰፋል። እዚህ ጠባቡ ሁሉ ጀርባ ላይ ነው።

ከክምሩ ሥር አበባ ያለበት የሴት ቀሚስ ነበር። ከሱ አጠገብ ደግሞ ቡናማ ጃኬት። ክርኑ ላይ ያለውን መጣፊያ የሰፋችው ራሷ ናት። የጎረቤቷ የጭምዴሳ ጃኬት ነው። ጭምዴሳ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ከገጀራ በቀር ሌላ መሣሪያ ይዞ አይታው አታውቅም።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ፣ ለምን እንዳደረገችው ኋላም ማስረዳት አልቻለችም፣ ጃኬቱንና ቀሚሱን በፌስታል ጠቅልላ በሳሙና ካርቶን ውስጥ ከተተች። የቀረውን አቃጠለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ፌስታሉን ቤቷ ወስዳ አንዴ ጣራ ሥር፣ አንዴ ከአልጋ ሥር፣ አንዴ ከጤፉ ጆንያ ውስጥ ትደብቀዋለች። በር ሲንኳኳ ከመክፈቷ በፊት መደበቂያውን ታያለች። ሚሊሻው ቀኖ መንገድ ላይ እንደ ወትሮው «አካም ጂርታ?» ሲላት፣ የሚያውቅ መሰላትና ሰላምታውን ሳትመልስ ሮጣ ልትሄድ ምንም አልቀራትም። ይባስ ብሎ የጭምዴሳ ሚስት ተጂቱ ግድግዳ ለግድግዳ ናት። ለሽፍታ ድንኳን አይተከልም ተብላ ስለተከለከለች፣ አፏን በነጠላ አፍና ስታለቅስ በጭቃው ግድግዳ ይሰማል።

በሦስተኛው ሳምንት ከአዲስ አበባ አጣሪዎች መጡና የከተማውን ሰው አዳራሽ ሰበሰቡ። የሚጠየቀው ሁሉ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ። ተጂቱ ብቻ ተነሣች።

«ባሌ ቡና ሊለቅም ነው የሄደው» አለች።

«ማስረጃ አለሽ?» አለ ከመድረኩ የወረዳው ሰው።

ተጂቱ አዳራሹን ዞር ብላ አየች። ዓይኗ ሽብሬ ላይ አረፈ። ሽብሬ አንገቷን ደፋች። ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ራት አልበላችም፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ኀፍረቱ አቃጠላት።

በማግሥቱ ማለዳ የሟቿን ቀሚስ ከቀሚሷ ሥር ለበሰች። ጃኬቱን ደረበች፤ በላዩ ጋቢ ተከናነበችና የመቱ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረች። የደረቀው ደም ቆዳዋን ይኮሰኩሳታል። ኬላ ላይ «ውረዱ!» ተባለ። ከረጢት ሁሉ ተበረበረ። አንድ ታጣቂ ወደ እሷ ቀረበ።

«አዮ፣ ኤሳ ዴምቱ?» ወዴት ነው የሚሄዱት?

«ሐኪም ቤት። ዱግዳቱ ና ዱኩባ» አለች፤ ጀርባዬን ነው የሚያመኝ። ሌላ ቃል አልመጣላትም። ጥይት የበሳው ጃኬት ያለው እዚያው ጀርባዋ ላይ መሆኑ ትዝ ሲላት ሽንቷ አመለጣት። ታጣቂው ጋቢዋን ጫፉን ያዝ አድርጎ ፊቷን አየ። ላብ አጥምቋታል።

«ትኩሳት አለባቸው፤ ያሳፍሯቸው» አለ ለሾፌሩ።

መቱ ላይ አጣሪዎቹ ያረፉበትን ሆቴል ጠይቃ አገኘች። ከእነሱ አንዷ፣ እድላዊት የምትባል ወጣት የሕግ ባለሙያ፣ ክፍሏ አስገባቻት። ሽብሬ ጋቢዋን አውልቃ ጀርባዋን ሰጠቻት። ልብሱ የማን እንደሆነና ከየት እንደመጣም ነገረቻት፤ እድላዊት ደብተሯን ከፈተች።

«እናቴ፣ በስምዎ ልመዝግበው? ካልፈለጉ ስምዎን አልጽፍም።»

«የማን ብለሽ ልትጽፊው ነው ታዲያ? ስም የሌለው ልብስ ማን ያምናል?» አለች ሽብሬ። «ጻፊው። ሽብሬ ገብረ መድኅን።»

ሪፖርቱ የወጣው በሐምሌ ነው። ከሟቾቹ መካከል መሣሪያ ያልያዙ ቡና ለቃሚዎች እንደነበሩ፣ አንዷም ሴት እንደሆነች በሁለት መስመር ይናገራል። የተያዘ ሰው የለም። ሽብሬ ከዚያ በፊት፣ በየካቲት፣ «የሥራ መደቡ ታጥፏል» የሚል ደብዳቤ ተሰጥቷት ከሥራ ወጥታለች። ደብዳቤውን የሰጧት አቶ ሰይፈ ሚካኤል ናቸው። በሩን ዘግተው «እኔም ልጆች አሉኝ» አሏት። አሁን መቱ በምትኖረው ልጇ በገሊላ ቤት የልጅ ልጇን ታሳድጋለች።

ሪፖርቱ በተሰማ ሳምንት ተጂቱ ድንኳን ተከለች። ስምንት ወር የዘገየ ለቅሶ ነው። ሽብሬ ከመቱ ስትደርስ ድንኳኑ ባዶውን ነበር። ተጂቱ እንዳየቻት ከተቀመጠችበት ተነሥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አንገቷን መድፋቷን አላነሣችባትም። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ተቀመጡ። ወደ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ገቡ፤ ከእሳቸው ኋላ ሁለት ሴቶች፤ ከዚያ ሰው እየበዛ መጣ። መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ይላል። መኪናው ራቅ ሲል ደግሞ ለቅሶው ይቀጥላል።