ጥብጣብ ያልታሰረላት ኒሻን

ሰብሌ ሣጥኑን አልጋዋ ሥር ካስገባችው ወዲህ ሌላ ቤት አድራ አታውቅም። ልጇ ናዝራዊት ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ደርሷት፣ ለእናቷ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለይታ ስትለምናት ስንት ክረምት አለፈ። ሰብሌ ግን ያው ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ጀርባ፣ ጣራው የሚያፈስ ቤቷ ውስጥ ናት። ጎረቤቷ ጉዲቱ «አንቺ፣ የፈረንጅ ሣጥን አግብተሽ ቀረሽ እኮ!» ትላታለች። ሰብሌም ትስቃለች። ስቃ ስታበቃ በሩን ታያለች።

ሣጥኑ የሙሴ ሩዶልፍ ነው። አየር ጤና ጋራዥ የነበራቸው የኦስትሪያ ሰው ናቸው፤ ሰብሌ ጉልምስናዋን የጨረሰችው የእሳቸውን ቤት ስትይዝ ነው። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፤ ፍቅራቸው ኒሻን ነበር። ኦስትሪያንና ሀንጋሪን አንድ ላይ ይገዙ የነበሩት የድሮ ነገሥታት ለወታደር የሸለሙትን በፖስታ ያስመጣሉ፣ በማጉያ መነጽር ያገላብጣሉ። እሷም አብራ ለመደች። ኒሻኑ ላይ የተቀረጸውን ፊት ትለያለች፤ ራሰ በራው ባለ ሪዙ ሽማግሌው ንጉሥ ነው፣ ወጣቱ የኋለኛው። ጥብጣቡ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታጠፋል። መጀመሪያ ሲያሳዩአት «ሙሴ፣ ይሄማ ሳምቡሳ ነው!» ብላ አሳቀቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ እሳቸውም ሳምቡሳ ይሉት ነበር።

አንዷ ኒሻን ግን ያለ ጥብጣብ መጣች። ይህቺ ዓይነቷ በሰላም ጊዜ ከተሰጠች ጥብጣቧ ቀይ ብቻ ነው፤ በጦርነት ከሆነ ነጭና ቀይ ዝንጉርጉር። ሙሴ ሁለቱንም አጥፈው አጠገቧ አስቀመጡ። ለሕክምና አገራቸው ሊሄዱ ሲሉ፣ ያኔ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ሣጥኑን ይዘው እዚችው ቤቷ ድረስ መጡ።

«የትኛው ጥብጣብ እንደሆነ የተሸለመውን ሰው ዘመዶች ጠይቄ እመጣለሁ። እስከዚያ አንዱንም እንዳታስሪባት። አደራ ሰብሌ።»

አደራ። ይህችን ቃል እዚህ አገር ኖረው ነው የተማሯት፣ ከነክብደቷ።

ሁለት ጊዜ ደወሉ። ከዚያ ዝም።

ሰብሌ ክረምቱ ሲወጣ ጥብጣቦቹን ጥላ ላይ ታናፍሳለች፣ ናፍታሊን ትቀይራለች። ልጇ ስትወልድ እንኳ ሄዳ፣ ገንፎውን አገንፍታ፣ እልል ብላ፣ ሳይመሽ ተመለሰች። መጥተው ቢያጧትስ?

ባለፈው ጥቅምት ታዲያ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገረሱ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ ጉዲቱ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ ለብሳ፣ ናዝራዊት ከኋላ። መርዶ መሆኑ ገባት።

«እንግዲህ ሰብሌ፣ የሰው ልጅ ሟች ነው» አሉ ጋሽ ገረሱ። «ሙሴ አርፈዋል።»

«ማን ነገራችሁ?»

ጋሽ ገረሱ ወደ ናዝራዊት አዩ። ናዝራዊት ወደ ጉዲቱ።

«ኧረ ሰብልዬ» አለች ጉዲቱ፣ «መቶ ላለፈው ሰው ደግሞ ምን ነጋሪ ያስፈልገዋል!»

ሰብሌ ሳቅ አመለጣት። የልጇን የቀላ ዓይን ስታይ ግን ሳቁ ተለወጠባትና ተቀምጣ አለቀሰች፤ የምሯን። ስታውቀው ኖራለች። እስከዛሬ ያላለቀሰችው የሚያረዳት ስላጣች ነው።

ናዝራዊት የእናቷን ጉልበት አቀፈች። «በቃ እማዬ። ባለቤቱ ከሞተ አደራው ወረደልሽ። ዛሬውኑ እንሂድ፣ ሣጥኑንም እንውሰደው።»

ሰብሌ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«አይ ልጄ። በሕይወት ቢኖሩ አንድ ቀን ደውለው ‹ሰብሌ፣ በቃሽ› ይሉኝ ነበር። አሁን ማን ይበለኝ? ደግሞ ሽማግሌ ሳይናዘዝ አይሞትም። ለእህታቸው ልጆች ‹ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ጀርባ፣ ሰማያዊ በር› ብለው ነግረው ይሆናል። እነሱ ከዚህ በር ሌላ ምን ያውቃሉ?»

«እማዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያልመጣ ሰው...»

«መሞታቸውን ያረዳችሁኝ እናንተው ናችሁ። ታዲያ ወራሽ የሚመጣው አሁን አይደል?»

ጋሽ ገረሱ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ለቅሶ ደራሹ ተበትኖ፣ ናዝራዊትም ወደ ልጆቿ ከሄደች በኋላ፣ ሰብሌ ሣጥኑን ሳበችው። ባዶዋን ኒሻን መዳፏ ላይ አደረገች። ቀዩን ሳምቡሳ አስጠጋችላት፤ አማረባት። ዝንጉርጉሩን አስጠጋችላት፤ እሱም አማረባት። ሁለቱንም ወደ ቦታቸው መልሳ ቆለፈችና ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረች።

ከመንገዱ የሚኒባስ ረዳት ድምፅ ይሰማል። «ዓለም ባንክ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!»