ውሃ በዘጠና አንድ ሲፈላ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ላከችልኝ። ሙቀቱን በቁጥር ያሳያል፤ መቶ ሲደርስ ራሱ ይጠፋል ተብሏል። ውሃው ግን እየተንተከተከ ቁጥሩ ዘጠና አንድ ላይ ቀጥ አለ፤ ማንቆርቆሪያውም አልጠፋ አለ። "ተበላሽቶ ነው፣ መልሰው ይላኩልኝ" አለችኝ በስልክ። አልተበላሸም አልኳት። ምክንያቱን ግን አላስረዳኋትም፤ የሺን ሳላነሳ የምነግራት አልመሰለኝም።

ደብረ ታቦር ስመደብ የሃያ አራት ዓመት ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ያደግኩት መተሐራ፣ ቆላ ነው። የመጣሁት በመስከረም ሲሆን ዝናቡ ገና አላባራም፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድም አጥንት ይሰብራል። ባልደረቦቼ ከሥራ ሲወጡ አረቄ ቤት ይገባሉ። እኔ አረቄ አይስማማኝም፤ ሁለቴ አብሬያቸው ሄጄ ቀረሁ፤ እነሱም መጥራት ተዉ። ከዚያ በካርቶን ካመጣኋቸው መጻሕፍት አንዱን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ያለች ሻይ ቤት መቀመጥ ልማዴ ሆነ። ከክፍል ውጭ "አንድ ሻይ" ከማለት በቀር ቃል ሳይወጣኝ የሚመሽበት ቀን ነበር።

የሻይ ቤቷ ባለቤት የሺ እኩያዬ ናት። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ ቤቱን ከእናቷ ተረክባለች። አንድ ቀን የማነበውን መጽሐፍ ሽፋኑን አየት አደረገችና "ሲጨርሱ ያውሱኛል፣ መምህር?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ መጽሐፍ ትወስዳለች። ስትመልስ ደግሞ ከባለታሪኮቹ መካከል ሁልጊዜ የተቆጣችው ሰው አይጠፋም፦ "ያ ሰውዬ ግን ምን ሆኖ ነው እንደዚያ ያደረገው?" ትላለች፣ ጎረቤቷ ይመስል።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ውሃ አፍልቼ ሙቀት መለኪያ ብከትበት ዘጠና አንድ ላይ ቆመ። መጽሐፉ መቶ ይላል። ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። መለኪያውን ኪሴ ከትቼ፣ እንዳፈርኩ፣ ለየሺ ሄጄ ነገርኳት።

"እስቲ የእኔ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይክተቱት" አለች።

እዚያም ዘጠና አንድ።

ጥቂት አሰበችና "ባቄላም እኮ እዚህ ቶሎ አይበስልም" አለች። "ታች ሐሙሲት አክስቴ ዘንድ ግን ያው ባቄላ ፈጥኖ ይበስላል። አገሩ ይሆን እንዴ?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ብዙ ሳይሞቅ ይፈላል። ፈተና ላይ ጽፌ ያለፍኩት ነገር ነው፤ ባቄላ ቀቅላ የምታውቅ ሴት እስክትነግረኝ ድረስ ግን አልገባኝም ነበር።

"ሐሙሲት ወርደን እንለካዋ!" አለች።

የሄድነው በየካቲት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ሚኒባሱ ቁልቁል በወረደ ቁጥር ብርዱ እየቀረ፣ የሺ ጋቢዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አጠፈችው። የፎገራ ሜዳ ላይ የሩዝ ጭድ ተከምሯል። ወረታ ላይ ሸንኮራ ገዛን፤ እሷ በጥርሷ እየላጠች ታካፍለኛለች። ለወራት ያላወራሁትን ያን ቀን አወራሁ።

አክስቷ ማንቆርቆሪያውን ከሰል ላይ ጣዱልን። መለኪያው ወደ ዘጠና አራት ተጠጋ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ጮህኩ።

"ምን አገኘው ልጁን?" አሉ አክስቷ ደንግጠው።

"ደስ ብሎት ነው" አለች የሺ እየሳቀች።

ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ጋ ሳንደርስ ቆመች። "ባሕር ዳር ያለ ሰው ሽማግሌ ልኳል። አጎቴ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብሏል" አለችኝ። ከዚያም፣ እርስዎ ማለቱን ትታ፣ "አንተ ምን ትላለህ?" አለች።

ቁጥሩን የጻፍኩበት ደብተር እጄ ላይ ነበር። ልላት የምፈልገውን አውቀዋለሁ፤ ግን እዚህ ዘመድ የሌለኝ፣ ነገ ወዴት እንደምዛወር የማላውቅ እንግዳ ነኝ ብዬ ፈራሁ።

"ደህና ሰው ከሆነ ምን አለበት" አልኳት።

ፊቷን ወደ ሚኒባሱ አዞረች። "እሺ፣ መምህር። ይምጡ፣ መኪናው እንዳያመልጠን።"

ጋቢዋን ተከናንባ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ በመስኮት ስታይ መጣች።

ከፋሲካ በኋላ ተዳረች፤ ሻይ ቤቱም ተዘጋ። የተዋሰቻቸውን መጻሕፍት በጋዜጣ ጠቅልላ ጎረቤቷ ጋ አስቀምጣልኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ፣ ቁራጭ ወረቀት ብትተውልኝ ብዬ፣ አንድ በአንድ እየገለጥኩ አራገፍኳቸው። ምንም የለም።

ዝውውር የፈራሁት ሰውዬ እዚሁ ደብረ ታቦር አርጅቼ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ጎረቤቶቼ ምሳ ቀርበው ሲጫወቱ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ለምን እንዳላገባሁ ሲጠይቁኝ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። እነሱም አንዷ እምቢ ብላኝ እንደቀረሁ ገምተው ያዝኑልኛል፤ እኔም አላርማቸውም። እምቢ ያለችኝ ሴት የለችም። የተጠየቅኩት እኔ ነበርኩ።