ስወጣ እደውላለሁ

ታላቅ ወንድሜ ያደረገውን ሁሉ «ለአንቺው ብዬ ነው» ይላል። ይህን አባባል በደንብ አውቀዋለሁ። በእኛ ዘንድ ሰው የሌላውን ነገር ሊወስድ ሲነሳ አስቀድሞ የሚደርበው ካባ ነው። ስለዚህ የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ ማጋነን አያስፈልገኝም።

ሆሳዕና ባለው ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ የፈሳሽን ግፊት ሳሰላ ኖሬ፣ እኔ ራሴ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ይህ ነገር ከጊዜ ወደ ጊዜ እንደ ነውር ይሰማኝ ጀመር። በአንድ የክረምት ዕረፍት ወደ ዛንዚባር ሄጄ፣ አየር በጀርባ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅን ለአንድ ሳምንት ልማር ቆረጥኩ።

ውሳኔውን ለከተማዬ ማስረዳት ከፊዚክሱ ይልቅ ከበደኝ። ከሆሳዕና ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ሁሉ መድረሻው አንድ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ደቡብ አፍሪካ። ጎረቤታችን ከበራችን ላይ ክንዴን ይዘው አስቆሙኝ።

«ዶክተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። በታንዛኒያ በኩል ነው የምትገቢው?»

«እመለሳለሁ እኮ እትዬ። ለሳምንት ነው።»

«የኔም ልጅ እንደዚያው ብሎ ነው የወጣው።»

«ባሕር ውስጥ መጥለቅ ልማር ነው የምሄደው።»

«ውይ! ገንዘብሽን ከፍለሽ ልትሰምጪ?»

ያመነኝ አባቴ ብቻ ነበር። በሾኔና በዱራሜ ሒሳብ ሲያስተምር ዕድሜውን የጨረሰ፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነበር፤ ያልገባውን ነገር ሳይገባው አያልፍም። ከመሄዴ በፊት በነበረው እሑድ ምሳ ላይ እንዴት እንደሚተነፈስ ጠየቀኝ። ብርጭቆ ደፍቼ ባልዲ ውስጥ እየከተትኩ አሳየሁት። «ስትወጪስ?» አለኝ። ቀስ ተብሎ እንደሚወጣ፣ የጠለቀ ሰውም አንድ ቀን ያህል ሳይቆይ አውሮፕላን መሳፈር እንደሌለበት ነገርኩት፤ በግፊት ደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ሰማይ ላይ ግፊቱ ሲቀንስ አረፋ ይሆናልና። የግንባታ ዕቃ መደብር ያለው ወንድሜ ቆጮውን እያላመጠ ይህን ሁሉ ያዳምጥ ነበር። ማዳመጡን አንባቢ ያስታውስልኝ።

«እንግዲህ በየማታው ደውዪልኝ» አለ አባቴ። «መግባትሽን አልጠይቅሽም። መውጣትሽን ብቻ ልስማ።»

«ስወጣ እደውላለሁ» አልኩት።

ስለ ደሴቲቱ አሸዋና ስለ ጀንበሯ የጻፉ በቂ ሰዎች አሉ። እኔ የምጽፈው ስለ ሕጓ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ሕግ ስንማር ዋልን። ትንፋሽን ውሃ ውስጥ አምቆ መያዝ ክልክል ነው፤ ሳንባ ይቀዳዳል። ብቻን መጥለቅ ክልክል ነው። እያንዳንዱ ሰው ጓደኛ ይመደብለታል፤ የእኔ ጓደኛ ከናይሮቢ የመጣች፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች። በየጥቂት ደቂቃው አንዷ ሌላዋን በእጅ ምልክት «ምን ያህል አየር ቀረሽ?» ብላ ትጠይቃለች፤ የተጠየቀችው የአየር መለኪያ ጌጇን አይታ ቁጥሩን በጣቶቿ ታሳያለች። እኔ መጀመሪያ ላይ እንደ አገሬ ሰው መለስኩ፤ ጌጁን ሳላይ «ደህና ነኝ» የሚለውን ምልክት ሰጠሁ። አስተማሪው ወዲያው ሁላችንንም ወደ ላይ አወጣን።

«ደህንነትሽን አልጠየቀችሽም» አለኝ ውሃውን ከፊቱ እየጠረገ። «ቁጥሩን ነው የጠየቀችሽ። ጓደኛሽን በትሕትና ልትገድያት ትችያለሽ።»

ትምህርቱ በተጀመረበት እሑድ ማታ ደወልኩ። «ወጣሽ?» አለ አባቴ ገና ሃሎ ሳልል። «ወጣሁ።» «ጎበዝ።» ሰኞ ማታም እንዲሁ ሆነ፤ የውሃው ግፊት የሚያመጣውን የጆሮ ሕመም እንዴት እንደተቋቋምኩት ጠየቀኝ። አፍንጫን ይዞ መንፋት ነው ስለው አፍንጫውን ይዞ ሲነፋ በስልኩ ሰማሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ እውነተኛው ባሕር ወረድን። ከታች ያለው የባሕር ሣር፣ ነፋስ እንዳገኘው በከተማችን ዙሪያ ያለ የሌሞ ገብስ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛና መልሶ ይቃናል። ነርሷ ቀይ የዋና ልብስ ነበር የለበሰችው። ወደ ታች በሄድን ቁጥር ቀዩ እየደበዘዘ ቡናማ፣ ከዚያም አመድማ ሆነ። ቀይ ብርሃን በውሃ ውስጥ ሩቅ እንደማይዘልቅ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! በዓይኔ ግን አላየሁትም ነበር። ከዚያ ጣቴን እንደ ድንጋይ የጠጠረ የባሕር ኮራል ቆረጠኝ፤ ደሜም አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። እንደ ጭስ እየተጠማዘዘ የሚወጣ አረንጓዴ ደም። ባሕር ሥር ሳቅሁ፤ ጭምብሌ ውሃ ገባው። ወደ ላይ ስንወጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው፤ ይህን ማታ ለአባቴ እነግረዋለሁ።

ማታ ደወልኩ። ያነሳው ወንድሜ ነበር።

«ተኝቷል። ዝናቡ ሲያንገላታው ውሎ ደክሞታል።»

«በዚህ ሰዓት?»

«አረጀ እኮ። ነገ ትደውያለሽ።»

ረቡዕ የወንድሜ ሚስት አነሳች። «አባባ ጸሎት ቤት ሄደዋል። አንቺ ተዝናኚ እንጂ እህቴ! ፎቶ ላኪልን!» ፎቶ ላክሁ። በቀይ ልብ መለሰችልኝ። ሐሙስ ማታ እንደገና ወንድሜ አነሳ፤ የአባቴ ስልክ ድምፁ እንደተበላሸ ነገረኝ። «ደህና ነው። ሰላም ብሎሻል» አለኝ።

አባቴ የሞተው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ሰላምታው የደረሰኝ ከሬሳ ነው።

ዓርብ ማንም ስልክ አላነሳም። ያን ቀን ናይትሮጅኑ ከደሜ እስኪወጣ ዳርቻው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ እነሱ በዚያው ሰዓት አባቴን እየቀበሩ ነበር። ለምን አልጠረጠርሽም የሚሉኝ አሉ። ልማዱን አውቀዋለሁ፤ ለሌሎች ሲደረግም አይቻለሁ፤ አብሬም ዝም ብያለሁ። ሰው ግን በገዛ ቤቱ ላይ እንዲህ ይደረግብኛል ብሎ ስልክ አይደውልም።

ቅዳሜ ቦሌ ስደርስ የወንድሜ መደብር ሾፌር ቆሞ ጠበቀኝ። «መንገዱ ጭቃ ስለሆነ በአውቶቡስ እንዳትቸገሪ ብለው ነው» አለ። ሬዲዮ አልከፈተም። ቡታጅራ ምሳ አቆመን፤ ጥብስ አዘዘ፤ እሱ ሳይበላ እኔን ያበላኝ ጀመር።

«ብዪ እንጂ ዶክተር።»

«በላሁ።»

«ኧረ ጨምሪ፤ መንገዱ ሩቅ ነው።»

በሁለተኛው «ጨምሪ» ላይ ገባኝ። ለቅሶ የሚጠብቀውን ሰው አስቀድመው ያበሉታል፤ መርዶ ከሰማ በኋላ አይበላምና። እንጀራውን አስቀመጥኩ።

«ማነው የሞተው?»

«ኧረ ማንም! እኔ ምን አውቃለሁ?» አለና እጆቹን ተመለከተ።

ሆሳዕና ስንገባ ወደ ቤታችን አልወሰደኝም፤ ከተማው ዳር ወዳለው አጎቴ ቤት ወሰደኝ። አጎቴን ፊት ለፊት ጠየቅሁት። «አሁን ዕረፊ ልጄ፤ ደክሞሻል» አለኝ። የሞተው አባቴ መሆኑን፣ አጎቴ ዓይኔን ሳያይ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ማውራት ሲጀምር አወቅሁ። ማወቄን እያወቁ እንዳላወቅሁ አድርገው አስተኙኝ። ማለዳ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡና የማውቀውን ነገር እንደ አዲስ ጮኸው ነገሩኝ። እኔም እንደ አዲስ እንዳለቅስ ይጠበቅብኝ ነበር። አላለቀስኩም። ይህም ከዚያ በኋላ ተወራብኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ስቀመጥ ፀሐይ የላጠው አፍንጫዬና ጭምብሉ ግንባሬ ላይ የተወው መስመር ከእኔ ቀድመው ተናገሩ። «ባሕሩ ላጣት» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ከሾኔ የመጡ፣ ከአባቴ ጋር ያስተማሩ አንድ አዛውንት አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ» አሉኝ በሐዘን፣ «ለመሆኑ ሥልጠናው ለአባት ቀብር እንኳ ፈቃድ አይሰጥም?»

«የምን ሥልጠና?»

«ወንድምሽ ነገረን እኮ። ተነግሯታል፣ ከሥልጠናው ግን መውጣት አልቻለችም አለን።»

እንግዲህ ይህ ነው። ለእኔ አባቴ ደህና ነው አሉኝ፤ ለቀብርተኛው ደግሞ እያወቀች ቀረች አሉት። ከሌሞ በፈረስ ጋሪ የመጣው ሰው ሁሉ ይህን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሁለት ውሸት ነው፤ ሁለቱም ተቃራኒ ናቸው፤ ሁለቱም «ለአንቺው» ነበሩ።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ እናቴን ብቻዋን አገኘኋትና ቀኖቹን አንድ በአንድ ጠየቅኋት። አባቴ ሰኞ ማታ፣ ከእኔ ጋር አውርቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ስትሮክ መቶት ግማሽ አካሉ ተያዘ። ሐኪሙ እዚያው ቤታችን እንዲተኛ አደረገው።

«ማክሰኞ ስልኩ ሲጮህ ዓይኑን ገለጠ» አለችኝ። «‹እሷ ናት፤ ወጣች› አለ። ምላሱ ቢከብድም ቃሉ ይሰማል። በደህናው እጁ ስልኩን ሊቀበል ዘረጋ። ወንድምሽ ስልኩን ይዞ ደጅ ወጣ። ሲመለስ ‹ከሱቅ ነው› አለው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ‹አልወጣችም?› ይለኛል። ‹ወጥታለች› እለዋለሁ። ‹ብትወጣ ትደውል ነበር› ይለኛል። እስከ መጨረሻው እንደዚያው ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

«እኔን ማን ስልክ ሰጠኝ?»

በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን መጡ። ጸለዩ፤ ከዚያ ወንድሜ ተናገረ።

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ደግሞ አንቺው አይደለሽም እንዴ ከጠለቁ በኋላ አውሮፕላን አይሳፈሩም ያልሽው? ደምሽ አረፋ ሆኖ ሁለት ቀብር እንዲሆንብን ነበር?»

«ማክሰኞ ብትነግረኝ ረቡዕ እሳፈር ነበር። ሐሙስ ሳይነጋ እደርስ ነበር። አሁን ይህን ተወው፤ ድምፅ አውሮፕላን አይሳፈርም። ስልኩን ለምን ነጠቅኸው?»

«ትንፋሹን ብትሰሚ ታውቂ ነበራ!»

«አዎ። አውቅ ነበር።»

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም። የአባቶች ሥርዓት ነው። ወንድምሽ ለደግ አስቦ ነው፤ ይቅር በይው።»

«አባቶቼ፣ ማክሰኞ መርዶ አልነበረም» አልኳቸው። «ማክሰኞ አባቴ ነበረ። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ የልጁን ድምፅ ጠየቀ፤ ከሱቅ ነው ተባለ። ይቅር በዪ የምትሉኝ ለዚህ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያደረገውን በዚህ ቃል እሱ ራሱ ይናገር።»

ወንድሜ አልተናገረም። ሽማግሌዎቹ ልቤ እንዲለሰልስ ጸልየው ሄዱ። ከዚያን ቀን ወዲህ «ጋሼ» ብዬው አላውቅም።

በቀጣዩ ዓመት ወንድሜ ልጆቹን ሊጠይቅ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እሱ በሄደ በጥቂት ቀን እናቴ በሳንባ ምች ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ እርግጠኛ መሆን እንደማይችል ነገረን። የወንድሜ ሚስት ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ።

«ለእሱ እንዳይነገር። ሰው አገር ነው፤ ልቡ ይቆማል።»

«እሺ» አላልኳትም። እዚያው ፊቷ ደወልኩ።

«እማዬ ታማለች» አልኩት። «ሳንባዋ ነው። ሐኪሙ ትድናለች አላለም፤ አትድንም አላለም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደርገዋለሁ። ተናገር።»

ምን እንዳላት አልሰማሁም። እናቴ ግን በኦክስጅኑ ጭምብል ሥር «አለሁ፣ አለሁ» ስትል ሰማሁ። ወንድሜ ባገኘው አውሮፕላን ተሳፍሮ መጣ። እሱ ሲደርስ እናቴ ትራስ ተደግፋ ሾርባ እየጠጣች ነበር። እጇን ዘረጋችለት። ሮጦ ያዘው፤ ጉንጩ ላይ አደረገው፤ እንደ ልጅ አለቀሰ። የተዘረጋውን እጅ አይቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ቆሜ ላየው የማልችለው ነገር ነበር።

ተከትሎኝ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ሚስቱ ከኋላው ሆና «ሟርተኛ» ስትል ሁለታችንም ሰማን።

«ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?» አለኝ። «መንገዱን ሁሉ ሞታለች ብዬ ነው የመጣሁት። ምን አስቸኮለሽ? ይኸው ድናለች!»

«አዎ» አልኩት። «ደርሰህ አየሃት።»