ፊርማው የኔ ነው

ኦሮምኛ አፍ የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ መጻፍ የማውቀው ግን በአማርኛ ብቻ ነበር። ጊንጪ ስሠራ የመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ሁሉ በኦሮምኛ፣ ያውም በላቲኑ ቁቤ ይጻፍ ተባለ። ደብዳቤ የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ። በዚያ ዕድሜዬ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል ልቁጠር?

ከጭንቅ ያወጣችኝ የጽዳት ሠራተኛችን ጫልቱ ናት። ቁቤን ከልጇ ደብተር እያየች ተምራለች። ጠዋት ሰው ሳይገባ ወለሉን ትወለውልና እጇን አድርቃ ጠረጴዛዬ አጠገብ ትቀመጣለች። እኔ በቃል እነግራታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እፈርማለሁ። "ለሰው እንዳትነግሪ" ስላልኳት አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም። ደመወዟ የኔን ሲሶ አይሞላም፤ አንስተነው ግን አናውቅም።

አንድ ቀን ከዞን በስሜ ደብዳቤ መጣ። የተነቃብኝ መሰለኝ። በሩን ዘግቼ ሰጠኋትና ቆማ አነበበችልኝ።

"ኦቦ ታደሰ ቁቤን ፈጥነው በመማራቸውና በጥራት በመጻፋቸው የደመወዝ ጭማሪ ተፈቅዶላቸዋል።"

አንገቴን ደፋሁ። እሷ ደብዳቤውን አጣጥፋ ፊቴ አስቀመጠችና ወንበሯን ሳበች።

"እንኳን ደስ ያለዎት ኦቦ" አለችኝ። "የምስጋናውን ደብዳቤ አሁን ልጻፍልዎት?"