የአንድ ቀን አባት፦ ከቢቸና ሞጣ

ሐሙስ ንጋት፣ ቢቸና

የጥቅምት ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ በአንድ እጄ ዳቦ ቆሎ የሞላ ፌስታል፣ በሌላው የእህቴን ልጅ ትርንጎን ይዤ መናኸሪያው ውስጥ የሞጣውን አውቶቡስ እፈልጋለሁ። ትርንጎ ሰባት ዓመቷ ነው። ረዳቱ "ሞጣ! ሞጣ! የቀረው ሁለት ሰው!" ይላል። ገብተን ስናይ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ያ "የቀረው ሁለት ሰው" ተሟልቶ እስኪያልቅ ፀሐይ ወጣች።

እስከዚያው የጉዟችንን ነገር ላጫውታችሁ። እህቴ እናኑና ባሏ ሞላ ሞጣ ከገቡ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሞላ መምህር ነው፤ ተዛውሮ ነው የሄደው። ያን ጊዜ ሞጣ ላይ የሚከራይ ቤት ማግኘት ሎተሪ ነበር። የመንገድ ሥራው ሠራተኛ ከተማውን ሞልቶታል፣ ከየገጠሩ የሚገባው ወጣት አለ፣ አዲስ የሚመደበው የመንግሥት ሠራተኛ አለ። ስልሳ ብር የነበረች አንዲት ክፍል መቶ ሰማንያ ገብታለች፣ እሷም ከተገኘች ነው። አከራይ ሁሉ በሩን ከፈት አድርጎ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ገንዘብ አይደለም፤ "ስንት ናችሁ?" ነው። በመጨረሻ እትዬ ዘይነባ የሚባሉ ባልቴት አንዲት ክፍል ሊያከራዩ ፈቀዱ። "ግን ከአንድ ልጅ በላይ ግቢዬ አይገባም" አሉ። እህቴ የሚጠባውን ልጇን ታቅፋ ነበርና "ያለኝ ይኸው ነው" አለቻቸው። ትርንጎ ቢቸና፣ እናቴ ዘንድ ቀረች። ለአንድ ወር ተብሎ።

ወሩ ሁለት ዓመት ሆነ። አሁን እናኑ አልቻለችም። በስልክ መከርንና አንድ ብልሃት አገኘን። ትርንጎ የእኔ ልጅ ሆና፣ እንግዳ ሆና ትሄዳለች። እንግድነቷ ትንሽ ትንሽ እያለ ይረዝማል፤ ሴትዮዋም ይለምዷታል። ስለዚህ ልጅቷ እኔን "አባዬ"፣ እናቷን "አክስቴ" ማለት አለባት። ውሸቱ ከተነቃ እናኑና ሞላ ዕቃቸው በር ላይ ይወጣል፤ ሞጣ ላይ ደግሞ ሌላ ክፍል የለም።

እትዬ ዘይነባን ለመርገም አፌን ስከፍት የገዛ እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷም አከራይ ሆናለች። ማድ ቤቷን ሳይቀር ለመንገድ ሠራተኞች ሰጥታለች፤ እነሱም ጭስ የጠገበው ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፈውበታል። ትናንት አንዲት ሴት ሦስት ልጆች አስከትላ መጥታ ክፍል ብትጠይቃት፣ "ልጅ ለበዛበት አላከራይም" ብላ መለሰቻት።

"እማዬ፣ የልጅሽ ልጅ እናቷ ጋ ያልገባችው እኮ እንዲህ በሚሉ ሰዎች ነው" አልኳት።

"እኔ ያለኝ ሽንት ቤት አንድ ነው። ሌላውን አላውቅም" አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ማለዳ፣ መንገድ ላይ

ከቢቸና ወጣ ሲሉ ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፤ ቢጫ እያለ፣ ነፋስ ሲነካው ወደ አንድ ወገን እየተኛ። ከተማዋ በጤፍ የተከበበች ደሴት ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ማሳው የገበሬ ነው፤ ወደ ጎን መስፋት አይቻልም። ሰዉ ግን ይጨምራል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ሦስት ቤት፣ በአንድ ቤት አራት ክፍል፣ በአንድ ክፍል ስድስት ሰው እየሆነ ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል።

መንገዱ ኮረኮንች ነው። አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። ትምህርታችንን ጀመርን።

"እኔን ማን ትይኛለሽ?"

"አባዬ።"

"እናኑንስ?"

"አክስቴ።"

"ሕፃኑንስ?"

"የአክስቴ ልጅ።"

አንድም አልሳተችም። እኔ ሚስት ሳላገባ ሠላሳ ስምንት ዓመቴን የደፈንኩ ሰው ነኝ። "አባዬ" ስትለኝ ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን ብዬ እዋሻለሁ። ሳያስፈልገን ሁሉ ደጋግሜ አስጠናኋት።

ከኋላችን የተቀመጡ አንድ የቅቤ ነጋዴ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እግራቸው ሥር በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ አለ፤ ሽታው አውቶቡሱን ሞልቶታል።

"የቤት ኪራይ ነው አይደል?" አሉኝ።

"በምን አወቁ?"

"እኔም ሁለቱን ወንድሜ ጋ፣ አንዷን አማቴ ጋ አድርጌ ነው ሞጣ የምኖረው። ለአከራዬ አብረውኝ ካሉት ሁለቱ ሌላ ልጅ የለኝም ብዬዋለሁ። እሱም ቢሆን ያውቃል፤ እኔም እንደሚያውቅ አውቃለሁ። ብቻ ዝም ተባብለን አለን።"

ረፋድ፣ ደብረ ወርቅ

አውቶቡሱ ለቁርስ ቆመ። ገበያተኛው ወደ ከተማው ይጎርፋል። ከአንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብተን ፍርፍር አዘዝን። ባለቤቷ ደልደል ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት። እዚህ ያስቀመጠችው አግዳሚ ማታ ማታ በነፍስ ወከፍ እንደሚከራይ ራሷ ነገረችኝ። "አልጋ የለም፤ እንጨት ነው፤ እሱም ይለመናል" አለች።

ሳህኑን ስታስቀምጥ ትርንጎን አየቻት።

"ልጅህ ናት?"

"አባቴ ነው" አለች ትርንጎ፣ ከእኔ ቀድማ። ኮራሁ።

"እናትሽስ የኔ ቆንጆ?"

"ሞታለች።"

የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሴትየዋ "እኔን! እኔን ልጄ!" ብላ ወደ ጓዳ ገባችና የተጠበሰ እንቁላል ይዛ መጣች፤ ሒሳብም አልተቀበለችበትም። ትርንጎ ረጋ ብላ በላችው። ከወጣን በኋላ ያዝኳት።

"ማን ነው እንዲህ በይ ያለሽ?"

"እናትሽ የት ናት ቢሉኝ ምን እንደምል አላስጠናኸኝም" አለችኝ።

ልክ ናት። ያን ሁሉ መንገድ "አባዬ" እያስባልኩ ስሞቅ ዋናውን ጥያቄ ረስቼዋለሁ። "ሞታለች አይባልም፣ ነውር ነው" ብዬ ተቆጣኋት። በምትኩ ምን እንደምትል ልነግራት ስል ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋና ሮጠን ገባን።

እኩለ ቀን፣ ግንደ ወይንን አልፈን

ማሽን መንገዱን ቆርጦታል፤ እስኪደለደል ወርደን ቆምን። አየሩ ጥሩ ነው፣ ፀሐዩ አይጎዳም፣ ተሳፋሪው ቆሎ ይቀባበላል። እንዲህ ያለው መዘግየት እኔን አያናድደኝም። ቅቤ ነጋዴው በምሳር የተጠረበ ባሕር ዛፍ የጫነ አይሱዙ አሳዩኝ።

"ይኸ ሁሉ ሞጣ የሚገባ ነው። የአባቴን መሬት ለአምስት ወንድማማች ስንካፈል ለእኔ የደረሰኝ በሬ ለማዞር አይበቃም ነበር። ታዲያ ከተማ ልግባ እንጂ ምን ልሁን? ሁሉም እንደ እኔ ነው። ከተማው ደግሞ ያው አንድ ከተማ ነው።"

ትርንጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"መቼ ነው እናቴ የምላት?" አለችኝ።

"ትንሽ ቆይቶ።"

"አንድ ወር?"

የዚያች "አንድ ወር" ነገር ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ዳቦ ቆሎ ዘግኜ ሰጠኋት፤ እኔም ዘግኜ ቆረጠምኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሞጣ

ሞጣ ከሩቅ ታበራለች። አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ ባለፈው ስመጣ ገብስ ይዘራበት የነበረው ቦታ ሁሉ ቤት በቅሎበታል። ጭቃው ያልደረቀ ግድግዳ፣ በር ያልተገጠመለት ቤት፣ በሩ እስኪገጠም ሳይጠብቅ መጋረጃ ሰቅሎ የገባ ሰው። ጫጫታዋን ወደድኩላት። ከሱቆቹ በረንዳ ላይ ሽማግሎች ሻይ ይጠጣሉ፣ ልጆች በየጥጉ ኳስ ይጠልዛሉ። ይኸን ሁሉ ልጅ የት እንደሚያስተኙት ግን እንጃ።

የቆርቆሮ በራቸውን ስናንኳኳ የከፈቱልን ራሳቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው። ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ምስር የሚለቅሙበትን ሰፌድ እንደያዙ ነው የመጡት።

"የእናኑ ወንድም ነኝ እትዬ።"

"እሰይ! ግቡ፣ ግቡ። ይቺስ?"

"ልጄ ናት።"

እናኑ ድምፃችንን ሰምታ ሕፃኑን እንዳዘለች ወጣች። ትርንጎን ከፋሲካ ወዲህ አላየቻትም። ትርንጎ እንዳስጠናኋት ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋች።

"እንደምን ዋልሽ አክስቴ።"

እህቴ "ደህና" አለች። ጉንጯን ሳመቻት። ደገመች። ሦስተኛ፣ አራተኛ ስትል ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ አልሰማችኝም። እትዬ ዘይነባ ፈገግ ብለው የልጅቷን ራስ ደበስ አደረጉ።

"የኔ ልጅ፣ እናትሽንስ የት ጥላችኋት መጣችሁ?"

ትርንጎ እኔን አየች። እኔ መሬት አየሁ። ቀስ ብላ፣

"ሞታለች" አለች።

"አልሞትኩም!" አለች እናኑ። ግቢው ሁሉ ሰማ። "ኧረ አልሞትኩም ልጄ! ይኸው አለሁ፣ እናትሽ አለሁ!" ብላ ሕፃኑን እንዳዘለች መሬት ላይ ተቀምጣ ትርንጎን እቅፏ ውስጥ አስገባቻት። ሕፃኑም ጀርባዋ ላይ ማልቀስ ጀመረ።

እትዬ ዘይነባ ሰፌዱን አስቀመጡ።

"ልጅሽ ናት?"

"ልጄ ናት እትዬ። ዋሽቼዎታለሁ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ?"

"ሁለት ዓመት።"

አለቀ፣ ዕቃው ዛሬ ይወጣል አልኩ በሆዴ። "እኔ ነገ ይዣት እመለሳለሁ" ብዬ ስጀምር ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"አንተ ደግሞ ዝም በል! አባቷ ነኝ ብለህ አልነበር?"

ወደ እናኑ ሲዞሩ ድምፃቸው ተሰበረ።

"አስታግፊሩላህ! እኔ ሰባት ወልጄ ያሳደግሁ ሴት ነኝ። እኔን ፈርተሽ ልጅሽን ካድሽ? እኔ እኮ ልጅ ጠልቼ አይደለም። በዚህ ግቢ አምስት ቤተሰብ አለ፤ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ግን አንድ ነው። በክረምት ሞልቶ ግቢውን ሲያበላሸው ማን ነው የሚጠርገው? ለዚያ ብዬ 'አንድ ልጅ' አልኩ እንጂ እናቷን ቅበሩ አላልኩም!"

ሻሻቸውን አስተካከሉና፣

"ባልሽ ሲመጣ አዲስ ጉድጓድ ይቆፍር። ይኸም ሰውዬ አባት ነኝ ብሏልና አብሮ ይቆፍር" አሉ።

"ኪራዩስ እትዬ?" አለች እናኑ፣ ዕንባዋን እየጠረገች።

"ኪራዩ ያው ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ይሁን።"

ዓርብ፣ እዚያው ግቢ

ሞጣን ዞሬ አያለሁ፣ ገበያውን እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ያየሁት ሞጣ ከወገቤ በላይ የቆመ ቀይ አፈር ነው። ሞላ የሚያስተምረው በፈረቃ ነው፤ ተማሪው ከመብዛቱ የተነሳ ግማሹ ጠዋት ግማሹ ከሰዓት ይማራል። እሱ እስኪመጣ ዶማውን እኔ ያዝኩ። ከጎረቤት ክፍል አንድ የመንገድ ሠራተኛ ሥራችንን አይቶ አዘነልንና አካፋ ይዞ ገባ። ከዚያ ሌላው ተከራይ፣ ከዚያ የእሱ ወንድም። አፈሩን በባልዲ እየጎተትን፣ እየተቀላለድን ዋልን። መዳፌ ተላጠ፤ ወገቤ እስካሁን ይነግረኛል። ግን እንደዚያ ቀን የሳቅሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

እትዬ ዘይነባ ከጁምዓ ሲመለሱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው አጎንብሰው አዩ።

"ገና ነው" አሉ። ሻይና ቂጣ ግን ላኩልን።

ትርንጎ ቀኑን ሙሉ ከእናቷ ኋላ ኋላ ስትል ዋለች። እናኑ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ አብራ፣ ልብስ ስታሰጣ አብራ። አንዲት ጎረቤት "የማን ልጅ ነሽ?" አለቻት። አካፋዬን አቁሜ አዳመጥኩ። ትርንጎ በጣቷ እናቷን አሳየች። የአንድ ቀን አባትነቴ እዚያ ላይ አበቃ። ቅር አለኝ፣ ደስም አለኝ፤ የቱ እንደሚበልጥ ሳላውቅ አፈሬን መጫር ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ንጋት፣ የመልስ ጉዞ

የቆርቆሮውን በር የከፈቱልኝ ለሶላት የተነሱት እትዬ ዘይነባ ናቸው።

"ልጅቱን ይዘሃት እንዳትሄድ ብዬ ነው የጠበቅሁህ" አሉኝ። ቀልዳቸው መሰለኝ፤ ፊታቸው ግን አልሳቀም።

እናኑ እስከ ደጃፏ ወጣች። ትርንጎ በእንቅልፍ ዓይኗ የእናቷን ቀሚስ በሁለት እጇ ጨብጣ ከጎኗ ቆማለች።

"ነይ ሳሚኝና ልሂድ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። "ደህና ሁን አጎቴ" አለችኝ ከዚያው ሆና፤ ቀሚሱን ይበልጥ ወደ ራሷ ጎተተችው። ከለቀቀችው የምወስዳት መስሏታል። እናቷ "ሂጂ ሳሚው እንጂ፣ ነውር ነው" ብላ ገፋ አደረገቻት።

"ተያት" አልኳት እህቴን። "እንዳትለቂው ትርንጎ። አጥብቀሽ ያዢው።"