ፖሊስ ሲያስቆማቸው የሚወርዱት አማቼ

አማቼ፣ የባለቤቴ አባት ኦርቪል ኬስለር፣ የሚሞቱት በሕመም አይደለም፣ ፖሊስ ሰላም ለማለት ከመኪና ሲወርዱ ነው እያልኩ ስንት ዓመት እንደተጨነቅኩ የማውቀው እኔ ነኝ። ወገባቸው ላይ ሽጉጥ አለ። ፈቃድ አላቸው፣ ሕጋዊ ናቸው፣ ዒላማም አይስቱም። ችግሩ ሌላ ነው። ከኋላቸው ቀይና ሰማያዊ መብራት ሲበራ ሰው ሁሉ ልቡ ሲደነግጥ እሳቸው ደስ ይላቸዋል። በሩን ከፍተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ቀጥ ብለው ወደ ፖሊሱ መሄድ ነው።

ይህ ጠባይ የመጣው ከሥራቸው ነው። እዚህ ኦሃዮ፣ በእኛ ወረዳ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የክሬን ሾፌር ነበሩ። ቦይ ውስጥ የገባ መኪና፣ በረዶ አንሸራትቶት ከዛፍ ጋር የተጋጨ ፒክአፕ፣ በጎኑ የተኛ የወተት ቦቴ፣ ሁሉንም ጎትተው ያወጡት እሳቸው ናቸው። አደጋ ባለበት ደግሞ ፖሊስ አለ። ከፖሊሶቹ ጋር በዝናብ አብረው ቆመዋል፣ ከአንድ ፔርሙዝ ተጋርተው ጠጥተዋል፣ ልጆቻቸው ሲመረቁ ተጠርተው በልተዋል። በዚያን ጊዜ ፖሊስ ሲያስቆምህ ወርደህ ወደ እሱ መሄድ ጨዋነት ነበር። ሰውየው ከሞቀ መኪናው ወጥቶ በብርድ እስኪመጣልህ ድረስ ተጎልተህ ከጠበቅከው ኮራ ትባላለህ። አማቼ ያንን ዘመን ሙጭጭ ብለው ይዘው ቀርተዋል። እነዚያ ፖሊሶች ግን ገሚሶቹ ፍሎሪዳ ሄደው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ገሚሶቹ አፈር ገብተዋል። አሁን ያሉት ልጆች ኦርቪል ማን እንደሆነ አያውቁም።

ሽጉጡ የመጣው አንድ ቀን ከመንገድ ዳር መኪና ሊያነሱ ሄደው አንድ ሰካራም በክሪክ እጀታ ከቀጠቀጣቸው በኋላ ነው። ቀኝ ጉልበታቸውን አደቀቀው። ከዚያ ወዲህ ያ እግር በራሱ አይነሳም። መኪና ውስጥ ሲገቡና ሲወጡ ሱሪያቸውን በቀኝ እጃቸው ጨብጠው፣ እግራቸውን እንደ ዕቃ አንስተው ነው የሚያስገቡት።

ባለቤቴ ረጅም መንገድ የሚነዳ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት አይገኝም። ለፈቃዱ ሥልጠና የወሰድኳቸው እኔ ነኝ፤ ከወሰድኳቸው አይቀር እኔም ገብቼ ተማርኩ። አሠልጣኛችን ትዋይላ ቤክ የምትባል፣ ድምፅዋ ግድግዳ የሚያልፍ ሴት ነበረች። ተኩሱን አማቼ በአንደኝነት አለፉ። መጨረሻ ላይ ትዋይላ ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጓሮ መኪና አቁማ፣ ብርቱካንማ የፕላስቲክ ሽጉጥ እያስታጠቀች፣ ፖሊስ ሲያስቆም የሚደረገውን አለማመደችን። ሞተር ይጠፋል፣ መስኮት ይወርዳል፣ ሁለት እጅ መሪው ላይ ይቀመጣል። አፍ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው ቃል “ፈቃድ” ነው እንጂ “ሽጉጥ” አይደለም። ፖሊሱ ሳይፈቅድ ጣት አይነቃነቅም።

“ይግቡ እንግዲህ ኦርቪል፣ ተራዎ ነው” አለቻቸው።

ገቡ። እሷ ፖሊስ ሆና ከኋላ መጣች። ሰውየው በሩን ከፍተው ወረዱ።

“ሞቱ” አለች ትዋይላ።

“ምነው ልጄ፣ ገና ሰላም ሳልልሽ?”

“ለዚያ ነው የሞቱት። ይመለሱና ይቀመጡ።”

ተመለሱ፣ እግራቸውን አንስተው አስገቡ፣ ተቀመጡ። እሷ መጣች። ወረዱ።

“ኧረ በፈጠረዎት ኦርቪል፣ እግርዎን ልሰርልዎት እንዴ?”

“ተጎልቼ ስጠብቅሽ ምን ትይኛለሽ? ይሄ ሽማግሌ ተኮፈሰ አትይም?”

“ይኮፈሱ። ብቻ በሕይወት ይኮፈሱ።”

ሠልጣኙ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ሰውየው እንደማይማሩ ያን ቀን ገባኝ።

ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ዱባ ያዛቸው። ፓይ የሚባለው ኬክ የሚጋገርበትን ማለቴ አይደለም። አንዷን ብቻ በማሳው ላይ አስቀርተው፣ ሌላውን ሁሉ ቆርጠው ጥለው፣ ፀሐይ እንዳያገኛት አንሶላ አልብሰው፣ እያወሯት የሚያሳድጓት፣ በሰው ጉልበት የማትነሳ ዱባ ማለቴ ነው። የዚያን ዓመቷን ዱባ ቤርታ አሏት። በስፋትም በግትርነትም የሞተችውን አክስታቸውን ቤርታን ትመስላለች ይላሉ። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ የወረዳው ዐውደ ርዕይ ላይ ዱባ ይመዘናል፤ ሚዛኑ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ቤርታ የወረዳውን ሪከርድ እንደምትሰብር ውሻችንም ሳይቀር ያውቅ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ጎረቤቱ በሙሉ መጣ። አንዱ በትራክተር ሲያነሳ፣ አንዱ ብርድ ልብስ ሲያነጥፍ፣ ሌላው ሥራ ሳይኖረው “ቀስ፣ ቀስ” እያለ ሲጮህ፣ ቤርታ ፒክአፑ ላይ ስትወጣ የመኪናው ወገብ ሲጎብጥ፣ እኔ ራሴ እንደ ሕፃን እየዘለልኩ ነበር። ሸራ አለበስናት። ሸራው ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ የኋላውን መብራት ሸፈነው። ማንም ልብ አላለም፤ ሁሉም የሚያየው ዱባዋን ነዋ።

መንገዱ ላይ የሚያልፈን መኪና ሁሉ ጥሩምባ ይነፋልናል። ሕፃናት ከመስኮት ብቅ ብለው ያጨበጭባሉ። አማቼ መሪውን ይዘው ያፏጫሉ።

“ሮንዳ፣ ዘንድሮ ጨርሰናል።”

“ገና ሳትመዘን አባባ፣ ይጠብቁ።”

“ምን ልጠብቅ? መኪናው እኮ እየነገረኝ ነው፤ ፊቱን ቀና አድርጎ ነው የሚሄደው።”

በቆሎ በታጨደባቸው ማሳዎች መሐል ስንደርስ ከኋላችን ቀይና ሰማያዊ መብራት በራ። የእሳቸውም ፊት አብሮ በራ።

“ማን ይሆን ባክሽ? ቤርታን ለማየት ነው የሚያስቆመን።”

“አባባ፣ እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉልኝ። ትዋይላ ያለችውን አይርሱ።”

“እሺ፣ እሺ፣ አውቃለሁ።”

ዳር ያዙ። ሞተሩን አጠፉ። መስኮቱን አወረዱ፤ እኔም በእኔ በኩል ያለውን አወረድኩ። ሁለቱን እጃቸውን መሪው ላይ አደረጉ። ተመስገን፣ ተማሩ አልኩ። ይህን ሳስብ ቀኝ እጃቸው ወደ መቀመጫው ቀበቶ ወረደ።

ልይዛቸው እጄን ሰነዘርኩና መልሼ ሰበሰብኩት። የቀበቶው መፍቻ ያለው ከሽጉጡ ጎን ነው። የእኔ እጅና የእሳቸው እጅ እዚያ ቦታ ላይ ሲታገሉ ከኋላ የሚያይ ሰው ምን ይላል? ሁለቱን መዳፌን ዳሽቦርዱ ላይ ዘረጋሁና “አባባ፣ አይውረዱ፣ ስለ እግዚአብሔር” አልኩ።

“ብቅ ብዬ ሰላም ልበለው እንጂ፣ ነውር ነው።”

በሩ ተከፈተ። ግራ እግራቸው መሬት ረገጠ። የበሩን ጠርዝ ይዘው ብድግ አሉ።

“እንደምን አደርክ ልጄ።”

“መኪና ውስጥ ይግቡ! ጌታዬ፣ ተመልሰው ይግቡ!”

ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር፤ መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ። በጎን መስታወት አየሁት፤ ጢሙ በወጉ ያልወጣ፣ ብቻውን የቆመ ፖሊስ ነው። በዚያች ቅጽበት ነፋሱ የአማቼን ጃኬት ገለጠው።

“አይዞህ፣ ሽጉጥ ነው፣ ምንም...”

ቃሉን አስቀደሙት። ልጁ ሽጉጡን መዘዘ።

ድፍረቱ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ሁለቱን እጄን በመስኮቱ አውጥቼ፣ በትዋይላ ድምፅ፣ “ፈቃድ አላቸው! ሁለታችንም ፈቃድ አለን! እኔ ባዶ እጄን ነኝ፣ የሳቸው ቀኝ ወገባቸው ላይ ነው! አባባ፣ እጅዎን ጣሪያው ላይ!” ብዬ ጮህኩ።

አማቼ እጃቸውን ጣሪያው ላይ አደረጉ። ከወገባቸው በላይ ከመኪናው ውጭ ስለሆነ ፊታቸውን አላየሁትም፤ ቀኝ እግራቸው ብቻ ከእኔ ጋር መኪናው ውስጥ ቀርቷል።

“ተመልሰው ይቀመጡ” አለ ልጁ።

“አልችልም” አሉ አማቼ።

“ይቀመጡ ነው የምልዎት!”

“ልጄ፣ ይሄ እግር በእጄ ካላነሳሁት አይነሳም። እጄን ላውርድ ወይስ ልቁም? አንዱን ምረጥልኝ።”

ያኔ ገባኝ። እግሩን ለማንሳት የሚሄደው ቀኝ እጅ ነው፤ ሽጉጡም ያለው እዚያው ነው። እጃቸውን ቢያወርዱ ይተኩሳል። ባያወርዱ ደግሞ ግራ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ይወድቃሉ፤ ሲወድቁም ይተኩሳል።

“ወንድሜ፣ ይስሙኝ” አልኩ፣ ዞር ሳልል። “እጃቸውን እንዲያወርዱ አይዘዟቸው። እርስዎ ይምጡና ሽጉጡን ያውጡት። እሳቸው አይነቃነቁም። እኔ አልነቃነቅም። እኚህ ሰው የክሬን ሾፌር ነበሩ፣ ከፖሊስ ጋር ነው ያረጁት፣ ሰላም ሊሉዎት ነው የወረዱት።”

ሸራው ብቻ በነፋሱ ይንጫጫል። አማቼን የማጣው አሁን ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ ጠጠሩ ላይ ኮቴ ሰማሁ። ቀስ ብሎ መጣ። አንድ ወጣት እጅ ወደ አማቼ ወገብ ሲገባ አየሁ። ይንቀጠቀጣል። የሽጉጡን ማኅደር መቆለፊያ ሳበው፣ እምቢ አለው።

“ወደ ላይ አትሳባት” አሉ አማቼ በለስላሳ ድምፅ። “በአውራ ጣትህ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋት። እንደሱ። ጎበዝ።”

ወጣች። የልጁን ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ሽጉጡን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ተመለሰና ጎንበስ አለ፤ የአማቼን ክንድ ይዞ ካስቀመጣቸው በኋላ የቀረውን እግር ራሱ አስተካከለላቸው።

“እኔ እኮ ሰላም ልልህ ነው የወረድኩት” አሉት።

“ጌታዬ፣ እኔ አላውቅዎትም” አለ ልጁ።

ለመስደብ አልነበረም። እውነቱን ነው የተናገረው። ግን አማቼ በክሪክ እጀታ ሲመቱ እንኳ እንዲያ አልደነገጡም።

ፈቃዳችንን አየ። ስለ ሸራው ነገረን፣ ራሱ ሰብስቦ አሰረልን። ከሽጉጡ ጥይቱን አውጥቶ መለሰላቸውና ሄደ። ቤርታን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም፤ በዚህስ ተቀየምኩት።

አማቼ ሞተሩን አላስነሱም።

“ፈራኝ ሮንዳ።”

“መፍራቱ ይቅር፣ ሊገድልዎት ነበር።”

“እጁን አይተሽዋል? እኔን ፈርቶ። በዚህ ወረዳ እኔን የፈራ ሰው አልነበረም። ሰው ቦይ ውስጥ ተገልብጦ እኔን ሲያይ ነው የሚያለቅሰው፣ መጣልኝ ብሎ።”

“ሚዛኑ ሊዘጋ ነው አባባ” አልኳቸው። ቁልፉን አዞሩ።

ደረስን፣ ሚዛኑ ሊዘጋ ሲል ደረስን። ቤርታን በፎርክሊፍት ሲያወርዷት ሕዝቡ ግጥም ብሎ ከቧታል። ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። አንድ ሺህ አራት መቶ ሰባ ፓውንድ። የወረዳው ሪከርድ ተሰበረ። ጩኸቱ ምድር አናወጠ፤ እኔ አጠገቤ ያለውን የማላውቀውን ሰው አቅፌ ሳምኩት። አማቼን ትከሻ ላይ ሊያወጧቸው ሲሉ “ጉልበቴን፣ ጉልበቴን” እያሉ ይስቃሉ። የአንደኝነቱን ሰማያዊ ሪባን ደረታቸው ላይ ሰኩላቸው።

በዚያ ግርግር መሐል ያን ልጅ አየሁት። ዐውደ ርዕዩን እንዲጠብቅ ተመድቦ መሆን አለበት፤ ከአይስክሬም መሸጫው ጎን ቆሞ እኛን ያያል። አማቼም አዩት። ከሰው መሐል ወጥተው አንድ እርምጃ ወደ እሱ ሄዱ። ልይዛቸው እጄን ሰደድኩ።

አልያዝኳቸውም፣ ራሳቸው ቆሙ። ሁለቱን መዳፋቸውን ከፍተው እስከ ትከሻቸው አነሱና እዚያው ቀጥ አሉ።

“ኦርቪል እጁን ሰጠ!” አለ አንዱ ጎረቤት፣ ሰውም ሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም። እስኪመጣ ጠበቁት። ሰው ወደ እሳቸው እስኪመጣ ሲጠብቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ አልለመደባቸውም። ልጁ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ፣ በሕዝቡ መሐል ተሽሎክልኮ መጣና እጁን ዘረጋ።

“ኮልተን እባላለሁ” አለ።

“ኦርቪል።”

አንደኛውን እጃቸውን ሲጨብጥ ሌላኛው ገና አየር ላይ ነበር። ልጁ ቀና ብሎ አየው።

“አሁን አውቄዎታለሁ” አለ። “ያውርዱት።”